ምራቅ ጠፋ ማለት እጢው ሞተ ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከአራት ሰው ተላከልኝ። አምስተኛ ያመጡልኝ የቆዩ ታካሚዬ ናቸው። ልጃቸው አሳትማላቸው፣ እሳቸው በቀይ እስክሪብቶ አስምረውበት፣ አራት ቦታ አጥፈው ከቦርሳቸው አወጡት። «ልጄ፣ እጢው ከሞተ ምን ያለፋኛል?» አሉኝ። ክኒናቸውን ካቆሙ ሁለት ወራቸው ነበር።

ምላሽ ለመጻፍ የተነሳሁት ለዚህ ነው። የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ የሚያመጣውን ጣጣ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የማገኘው። ጸሐፊው ክፉ አስቦ እንዳልጻፈው አምናለሁ። ግን ቅንነት ጥርስ አያድንም።

ላላነበበው ሰው ባጭሩ ልንገረው። ጽሑፉ ስለ ሾግረን በሽታ ነው፤ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት የገዛ ሰውነታቸውን የምራቅና የእንባ እጢ የሚያጠቁበት፣ አፍና ዓይን የሚያደርቅ ሕመም። ጸሐፊው የሚለው ይሄን ነው፦ በሽታው የዘመኑ ምግብ ያመጣው ነው፤ የመከላከል አቅም ሲደክም ወታደሮቹ ተደናብረው ምንም ያላጠፋውን እጢ ይወጉታል፤ ወግተውም ይጨርሱታል፤ አፍ ከደረቀ እጢው ሞቷል፣ አለቀ። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ አብዙ፣ ሎሚ በማር እየበጠበጣችሁ ቀኑን ሙሉ ጠጡ፣ የደም ምርመራው ነጻ ካላችሁ የለባችሁም፣ ጆሮ ሥር ካበጠ ደግሞ በሞቀ ዘይት እሹት። ተራ በተራ እሄድበታለሁ። አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ፣ «እጢው ሞቷል» የሚለው ላይ ግን እቆያለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር። እጢ ስል ሰፈር ውስጥ «እጢ ወጣባት» የሚባለውን እባጭ ማለቴ አይደለም። እኚህ ታካሚዬም መጀመሪያ «የምራቅ እጢዎ ላይ ችግር አለ» ስላቸው ካንሰር ነው ብለው ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። የምራቅ እጢ ሁላችንም አለን። ሦስት ጥንድ ትልልቆች አሉ፤ ጆሮ ሥር፣ መንጋጋ ሥር፣ ምላስ ሥር። ከነሱ ሌላ ከንፈር፣ ጉንጭና ላንቃ ውስጥ የተበተኑ ከ600 እስከ 1000 የሚደርሱ ጥቃቅን እጢዎች አሉ። አሁኑኑ ማየት ይቻላል። የታችኛውን ከንፈራችሁን ገልብጡና በሶፍት አድርቁት። ከዚያ መስታወት ፊት ትንሽ ጠብቁ። ጤዛ የመሰሉ ጠብታዎች ብቅ ብቅ ይላሉ። እያንዳንዷ ጠብታ የአንዲት እጢ ሥራ ናት። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

«የዘመኑ ምግብ ያመጣው በሽታ ነው»

አይደለም። ሄንሪክ ሾግረን የተባለው ስዊድናዊ የዓይን ሐኪም የዶክትሬት ጽሑፉን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። 19 ሴቶችን መዝግቦ ነበር፣ ዓይናቸው የደረቀ፤ 13ቱ የመገጣጠሚያ ቁርጥማትም ነበረባቸው። ያኔ ስዊድን ውስጥ ኢንዶሚ የሚሸጥ ሱቅ አልነበረም። (ፈታኞቹ ጽሑፉን ብዙም አልወደዱለትም፣ ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት የሚያበቃ ውጤት እንኳ አልሰጡትም። ዛሬ በሽታው በስሙ ይጠራል።) በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለ፣ እንደ ኤፕስታይን ባር ያሉ ቫይረሶችም ይጠረጠራሉ። ከአሥር ታማሚ ዘጠኙ ያህል ሴት ነው፤ ይሄንን ጸሐፊው በትክክል ጽፎታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም ያለውም ልክ ነው።

«መከላከያ ሲደክም ነው»

በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። ሾግረን ያለበት ሰው መከላከያው አልደከመም፤ ይልቅስ አላርፍ ብሏል። ቫይረስ ሲገባ ሕዋሳት ኢንተርፌሮን የሚባል የማንቂያ ደወል ይደውላሉ። ቫይረሱ ሲሸነፍ ደወሉ ይቆማል። ብዙ የሾግረን ታማሚዎች ላይ ግን ደወሉ አይቆምም፣ ደማቸውም ውስጥ እጢያቸውም ውስጥ አሻራው ይገኛል። እንዲህ ላለ ሰው «አቅም የሚገነባ» ብሎ ዱቄት መሸጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ለሚያድር ውሻ ሥጋ እየወረወሩ አይዞህ እንደማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ነጭ ሽንኩርቱ ያን ያህል ጉልበትም የለው። ወጥ ውስጥ ይግባ፣ ይጣፍጣል። የምጣላው መድኃኒት አስትቶ ቦታውን ሲወስድ ነው።

ታካሚዬ ያቆሙት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነበር። እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፦ ይሄ መድኃኒት ለአፍ ድርቀቱ እምብዛም ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በ120 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ውጤት ምንም ከሌለበት እንክብል የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። እሳቸው ግን የሚወስዱት ለመገጣጠሚያቸው ነበር። ጽሑፉን አምነው ሲያቆሙት የጣታቸው እብጠት ተመለሰ። የቡና ሲኒ መያዝ አቃተኝ ነው ያሉኝ።

ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። «የመከላከያ በሽታ» ሲባል ጎረቤት የሚሰማው ኤች አይ ቪ ነው። እርግጥ ኤች አይ ቪም የጆሮ ሥር እጢን ሊያሳብጥ፣ አፍንም ሊያደርቅ ይችላል። ግን እዚያ እጢውን የሚሞሉት በአብዛኛው ሲዲ 8 የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ናቸው፤ ሾግረን ሲጀምር የሚበዙት ደግሞ ሲዲ 4 ናቸው። ውጪው ይመሳሰላል፣ ውስጡ ይለያያል። ሐኪም ሾግረን ነው ከማለቱ በፊት ኤች አይ ቪንና ሄፓታይተስ ሲን የሚመረምረው ጠርጥሯችሁ አይደለም፣ እነዚህን ለመለየት ነው።

«እጢው ምንም ያላጠፋ ምስኪን ነው»

ምስኪንስ ምስኪን ነው። ዝም ብሎ ግን አልተቀመጠም። ጸሐፊው የሳለው ሥዕል የታወቀ ነው፤ ሰላማዊ መንደር፣ ድንገት የገቡ ወታደሮች። እጢው ውስጥ የሚታየው ግን እንደዚያ አይደለም። ምራቅን ወደ አፍ የሚያወርዱት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። የቱቦዎቹን ግድግዳ የሚሸፍኑት ሕዋሳት ራሳቸው ተቆጥተው ይገኛሉ። የፕሮቲን ቁራጭ ደጃቸው ላይ አውጥተው ቲ ሴል ለሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ያሳያሉ፤ ይሄ በደህናው ጊዜ የእነሱ ሥራ አይደለም። ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚጠራ ኬሚካል ይረጫሉ። ባፍ የሚባል ነገርም ያመነጫሉ፣ ይሄ ቢ ሴል የሚባሉትን ሌሎቹን የመከላከያ ሕዋሳት በሕይወት የሚያቆይ ስንቅ ነው። ግሪካዊው ሐኪም ሃራላምፖስ ሙትሶፑሎስ እ.ኤ.አ. በ1994 በሽታውን «የሽፋን ሕዋሳት ቁጣ» በሚል ስም እንጥራው ያሉት ይሄን አይተው ነው።

በእኛ ቋንቋ ላስቀምጠው። ጎረቤት ጠርቶ ቡና ያፈላው ቱቦው ነው። መጀመሪያ ቲ ሴሎች መጡ፣ አቦል ጠጡ። እነሱ ደግሞ ቢ ሴሎችን ጠሩ፣ ቶና ቀረበ። ቢ ሴሎቹ አንቲቦዲ (ዒላማው ላይ የሚጣበቅ የመከላከያ ፕሮቲን) መሥራት ጀመሩ፣ አንቲቦዲው ደወሉን አስጮኸ፣ ደወሉ ባፍን ጨመረ፣ ባፉ ተጨማሪ ቢ ሴል አቆየ። በረካ አለቀ፣ እንግዳው አልተነሳም። አንዳንዱ ታማሚ ላይ ጭራሽ ጎጆ ይቀልሳሉ፤ አንገት ሥር ያሉት ንፍፊቶች ውስጥ የሚገኘው ዓይነት የቢ ሴል ማደጊያ ሰፈር በምራቅ እጢው መሐል ይመሠረታል።

ይሄ ተረት ለማሳመር የመጣ ልዩነት አይደለም። ሪቱክሲማብ የሚባል ቢ ሴልን ጠራርጎ የሚያስወጣ መድኃኒት አለ። ፈረንሳይና እንግሊዝ ውስጥ በሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ተፈትኖ የታለመለትን ግብ አልመታም። ቢ ሴሎቹ ከደም ሲጠፉ የባፍ መጠን እንደሚጨምር ታይቷል። እንግዳውን ማስወጣት አንድ ነገር ነው፣ ጠሪው ግን አሁንም ጀበናውን እንደጣደ ነው። አዳዲሶቹ ሙከራዎች ባፍንና የሕዋሳቱን መጠራራት ለመቁረጥ የሚሞክሩት ለዚህ ነው።

«ሕዋሳቱ እጢውን ይበሉታል፣ አፍ ከደረቀ ሞቷል»

እዚህ ላይ ነው ቀዩ መስመር የተሰመረው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። እኚህን እናት ሾግረን እንዳለባቸው ከማወቃችን በፊት በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ጥርሳቸውን ሞልቻለሁ። አምስቱም የተቦረቦሩት ድዱ ጋ ነው፣ ብዙ ጊዜ በማይቦረቦርበት ቦታ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ይቦርሹ አልኳቸው፣ ጣፋጭ ይቀንሱ አልኳቸው። አንድ ቀን መስታወቴን ጉንጫቸው ላይ አስደግፌ ላነሳው ስል ተለጠፈብኝ። እርጥብ አፍ ውስጥ መስታወት ይንሸራተታል እንጂ አይለጠፍም። ያኔ ነው ዓይንዎስ ያልኳቸው። አሸዋ የገባበት ይመስለኛል አሉ፣ ዓመታት ሆኖታል። ቆሎ ትተዋል፣ ደረቅ ዳቦ ያለ ውሃ አይወርድላቸውም። የልጅ ልጃቸውን እንትፍ እንትፍ ብለው ሊመርቁ ሲሞክሩ የሚወጣ ነገር እንደሌለ ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ የከንፈር ናሙና ተወሰደ። የታችኛው ከንፈር ከውስጥ በኩል በትንሹ ይሰነጠቅና ከእነዚያ ጤዛ ከሚያወጡት እጢዎች አራት አምስቱ ይለቀማሉ። የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ ናቸው። የፓቶሎጂ ባለሙያው ወዳጄ ስለሆነ ሄጄ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ቱቦዎቹ ዙሪያ ሐምራዊ ነጠብጣብ ተሰብስቦ ክምር ክምር ሠርቷል፤ ሊምፎሳይቶቹ፣ ማለትም እነዚያ ቲና ቢ ሴሎች ናቸው። 50ና ከዚያ በላይ አንድ ላይ ከተከመሩ እንደ አንድ ክምር ይቆጠራል፣ በአራት ካሬ ሚሊሜትር ውስጥ አንድና ከዚያ በላይ ከተገኘ ውጤቱ ሾግረንን ይደግፋል። የሳቸው ሁለት ነበር። እኔን ያስገረመኝ ግን ክምሩ አልነበረም። ከክምሩ ወጣ ሲባል ምራቅ የሚሠሩት ሕዋሳት በየዘለላቸው እንደ ወይን ፍሬ ተደርድረው ነበር፣ ደህና፣ ሙሉ። የተበላው ሲሶውም አይሆንም። አፋቸው ግን ድርቅ ብሏል።

ይሄ የሳቸው ብቻ አይደለም። የክምሩ ብዛትና የምራቁ ማነስ ብዙ ጊዜ እንደማይመጣጠኑ ከታወቀ ቆይቷል። እጢው ከግማሹ በላይ ደህና ሆኖ ምራቅ የማይሰጥ ሰው አለ።

ታዲያ ለምን? ምራቅ እንዴት እንደሚወጣ እንይ። ሎሚ ሲታሰበን እንኳ አፋችን የሚሞላው ከነርቭ አሴቲልኮሊን የሚባል መልእክት ስለሚለቀቅ ነው። መልእክቱ እጢው ሕዋስ ላይ ያለችውን ኤም 3 የምትባል መቀበያ ይነካል። ሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ይነሳል፣ ጨው ወደ ቱቦው ይገፋል፣ ውሃውም ጨውን ተከትሎ አኳፖሪን 5 በሚባሉ የውሃ በሮች ይወጣል። (እነዚህን የውሃ በሮች ያገኘው ፒተር አግሬ እ.ኤ.አ. በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከተጋሩት አንዱ ነው።) እንዲህ እያለ ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያወጣል።

ሾግረን ይሄን ሰንሰለት ሕዋሱን ሳይገድል ሊበጥሰው ይችላል። በአንዳንድ ታማሚዎች ደም ውስጥ ኤም 3ን የሚያውኩ አንቲቦዲዎች ተገኝተዋል። ሊምፎሳይቶቹ የሚረጩት ኬሚካል የመልእክቱን አለቃቀቅም አቀባበሉንም ያዳክማል። የውሃ በሩ ቦታውን ስቶ፣ ወደ ቱቦው መዞር ሲገባው በሌላው ጎን ተለጥፎ የታየበት ናሙናም አለ። ቤቱ አልፈረሰም፣ ቧንቧውም አለ፣ ቆጣሪው ተዘግቶ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ይሄን ለመረዳት ማይክሮስኮፕ አያስፈልገውም።

ግድያው የለም አላልኩም። አለ። ሲዲ 8 ሕዋሳት የእጢውን ሕዋስ ተጠግተው ፐርፎሪን በሚባል ፕሮቲን ይበሱታል፣ በቀዳዳው ግራንዛይም የሚባል ገዳይ ፕሮቲን ያስገባሉ፣ ሕዋሱ ራሱን ያፈርሳል። ዓመታት ሲሄዱ ቦታውን ጠባሳና ስብ ይይዘዋል፣ እሱ ደግሞ አይመለስም። ግን ይሄ ቀስ እያለ የሚሄድ፣ ከሰው ሰው የሚለይ ነገር ነው። «አፍ ደረቀ፣ ስለዚህ አለቀ» ማለት መብራት ስለጠፋ ቤቱ ተቃጥሏል እንደማለት ነው።

ፒሎካርፒን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ያችኑ ኤም 3 በጉልበት የሚያንኳኳ። እጢው ሁሉ ሞቶ ቢሆን ማንንም ባልረዳ ነበር። ብዙ ሰው ይረዳል። ያልባል፣ ሽንት ያመላልሳል፣ በደንብ ያልተያዘ አስም ወይም አንዳንድ ዓይነት ግላኮማ ላለበት ሰው አይሰጥም፤ ስለዚህ ከሐኪም ጋር እንጂ ከጎረቤት ጋር የሚመከርበት አይደለም። ከስኳር ነጻ ማስቲካ ማኘክም ያንኑ ነርቭ ይቀሰቅሳል። ጽሑፉ ግን እጢው ሞቷል ብሎ ጀምሮ ምራቅ ስለሚቀሰቅስ ነገር አንድ መስመር አልጻፈም። ከሞተ ምን ይቀሰቀሳል?

«ሎሚ በማር፣ ውሃም አታቋርጡ»

ውሃው ይሁን። ጎንጨት ማለት ያስታግሳል። ግን ውሃ ምራቅ አይደለም። ምራቅ ውስጥ አሲድን የሚያረክስ ባይካርቦኔት አለ፣ የጥርስን ገጽ የሚጠግን ካልሲየምና ፎስፌት አለ፣ የሚያለሰልስ ዝልግልግ ፕሮቲን አለ፣ ጀርም የሚይዝ አንቲቦዲ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ እየጠጣ የሚያነጋ ሰው ያተረፈው ሽንት ቤት መመላለስ ነው።

ሎሚ በማሩ ግን እባካችሁ። የጥርስ ልባስ የአፍ ፒኤች (የአሲድ መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ በረታ ማለት ነው) ወደ 5.5 ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል፤ የሎሚ ጭማቂ ከ3 በታች ነው። ምራቅ ያለው ሰው ሎሚ ቢጠጣ ምራቁ ቶሎ ያረክስለታል። ምራቅ የሌለው ሰው አሲዱ እዚያው ይቀመጥበታል፣ ማሩ ደግሞ የጥርስ ባክቴሪያ ቀለብ ነው። ቀኑን ሙሉ፣ በየሩብ ሰዓቱ! ታካሚዬ በሁለት ወር ውስጥ ሌላ ሦስት ጥርስ ላይ የመቦርቦር መጀመሪያ የሆነው ነጭ ጠባሳ ወጥቶባቸዋል። ጸሐፊው ይሄን ሲመክር የጥርስ ሐኪም ቢጠይቅ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና፣ ሐኪም የሚቀባው ጠንከር ያለ ፍሎራይድ፣ ቶሎ ቶሎ መታየት፤ የሚያዋጣው ይሄ ነው። ጫት የሚቅሙ ካሉ ደግሞ እሱም በራሱ አፍ ያደርቃል፣ ከላዩ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን መገመት ነው።

«ደሙ ነጻ ካለ የለባችሁም»

አጭር መልስ፦ አይደለም። ሮ ወይም ኤስኤስኤ የሚባለው አንቲቦዲ ብዙዎቹ ታማሚዎች ላይ ይገኛል፣ ሁሉም ላይ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው መመዘኛ በነጥብ ነው የሚሠራው። አንቲቦዲው 3 ነጥብ፣ የከንፈር ናሙናው 3 ነጥብ፣ ሁለቱ የዓይን ምርመራዎችና የምራቅ ልኬቱ አንድ አንድ፤ ለመመደብ 4 ያስፈልጋል። የምራቅ ልኬቱ ውድ ማሽን አይጠይቅም። ሰውየው 15 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥና ምራቁን ጽዋ ውስጥ ይተፋል፤ ከ1.5 ሚሊ ሊትር ካልበለጠ፣ ማለትም የሻይ ማንኪያ ሲሶ ካልሞላ፣ ነጥቡ ይያዛል። ደሙ ነጻ የሆነ ሰው ናሙናው ሊይዘው ይችላል። ያው ግን አፍ የደረቀበት ሁሉ ሾግረን አይደለም፤ አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የድብርት መድኃኒት፣ የአለርጂ ክኒን፣ ስኳር በሽታ፣ አፍ በማድረቅ እነዚህ ይበዛሉ።

ጸሐፊው የዘለለው ትልቅ ነገርም አለ። ሮ አንቲቦዲ ያላት ሴት ስታረግዝ አንቲቦዲው በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፋል። ከመቶ አንድ ሁለቱ ሕፃናት ላይ የልብ ምት መስመሩን ይጎዳል። ብዙዎቹ ጤነኛ ሆነው ይወለዳሉ፣ ግን የእርግዝና ክትትል የሚያደርግላት ሐኪም ማወቅ አለበት።

«ካበጠ በሞቀ ዘይት እሹት»

እዚህ ላይ አልቀልድም። ሾግረን ላይ የጆሮ ሥር እጢ ማበጥ የተለመደ ነው፣ ይመጣል ይሄዳል። ሳይሄድ የቀረ፣ የጠነከረ፣ በአንድ በኩል እያደገ የመጣ እብጠት ግን መታየት አለበት። ያ ቅድም ያልኩት ጎጆ የቀለሰ የቢ ሴል ሰፈር ትዝ ይላችኋል? ዓመታት ያለማቋረጥ ሲባዙ ከመካከላቸው አንዱ መስመር ሊስት ይችላል፣ ያኔ ሊምፎማ ይባላል፣ የእነዚህ ሕዋሳት ካንሰር። ከመቶ ታማሚ አምስት ያህሉን ያገኛል። ዘጠና አምስቱን አያገኝም፣ አትደንግጡ፤ አብዛኛውም ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ነው። ግን በዘይት ሲታሽ ስድስት ወር ማለፍ የለበትም።

እናትየው ባለፈው ሳምንት ሲመጡ ይሄን ሁሉ አላነበብኩላቸውም። ወደ ሐኪማቸው ተመልሰው ክኒኑን እንዲነጋገሩበት ነገርኳቸው፣ ሎሚውን አስተውኳቸው፣ ነጮቹን ጠባሳዎች ፍሎራይድ ቀባሁ። ከዚያ የታችኛውን ከንፈራቸውን ገልብጬ በጎዝ አደረቅኩትና ሰዓቴን አየሁ። ቆየ። እሳቸውም ቀና ብለው ሰዓቴን ያያሉ። ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ሲል በቀኝ በኩል አንዲት ጠብታ ወጣች። ቀጥሎ ከጎኗ ሌላ። የእጅ መስታወት ሰጠኋቸው።

«ይቺ ናት?» አሉ።

«ይቺ ናት።»

ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ መለሱት። በሩን ከፍተው እስኪወጡ ድረስ ግን ከንፈራቸውን ከውስጥ በምላሳቸው ይዳስሱ ነበር።